በየቀኑ ወደ ኦካያማ

ይድረስ ለእህቴ ለሂሳኤ፣ ሎንድሪና፣ ብራዚል፤

ከልጆችሽ ጋር እንዴት ከርመሻል? እኔ እዚህ ኦሳካ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ለቱሪስት የሚሸጠውን፣ ዐሥራ አራት ቀን እንደልብ የሚያሳፍረውን የባቡር ትኬት ገዛሁ። ሻጯ ከአያቶቻችን የወረስኩትን የጃፓን ፊት አይታ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ለውጭ አገር ሰው ነው» አለችኝ። የብራዚል ፓስፖርቴን ሳሳያት አፍራ ሳቀች።

ለሥራ ብሎ ወጥቶ ሦስት ዓመት የጠፋውን ባልሽን፣ ኦስቫልዶን፣ ኦካያማ አገኘሁት። ሌላ ሴት አግብቶ ኑድል ቤቷ ውስጥ ያስተናግዳል። አልጮህኩም። በየቀኑ በፈጣኑ ባቡር እየሄድኩ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ በላሁ። በአምስተኛው ቀን ሳህኑን ፊቴ አስቀምጦ፣

«ኧረ ኪኩኤ፣ እስከ መቼ ነው የምትመላለሺው?» አለኝ።

«ምን ቸገረኝ! ትኬቴ ገደብ የለውም» አልኩት።

ሴትዮዋ ሰምታ «ማናት ደግሞ እሷ?» ስትለው፣ የሠርጋችሁን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ሽርጡን ከወገቡ ፈትታ በሩን አሳየችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ጣቢያ ድረስ እየሮጠ ተከተለኝ። «አዲሱን ስልኳን ስጪኝ፣ እግሯ ላይ ልውደቅ» እያለ ለመነኝ። እዚያው ትቼው ተሳፈርኩ።

እና እህቴ፣ የማታውቂው ቁጥር ከደወለ አታንሺ። የበሩንም ቁልፍ አስቀይሪ። ልጆችሽ በስልክ ሲያጫውቱኝ፣ የእሱን ሸሚዞች ዛሬም በየሳምንቱ አጥበሽ ትተኩሻለሽ አሉኝ። እኔ ሳልመጣ ለቤተ ክርስቲያን ስጪያቸው፤ የሚለብስ ድሃ አይጠፋም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ልብሽን ያጽናልኝ።

ታላቅሽ ኪኩኤ