ያለ ደረሰኝ

ጥቅምት 4

አባባ ስኳሩን ከብርጭቆው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ጨመረው።

እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ። እሱም እንዳላፈሰሰ ሆኖ ሻዩን አማሰለ። መራራውን ጠጣው።

ጥቅምት 7

የመንግሥት ሆስፒታል። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ። አንዷ ሴትዮ ትራስ ይዛ መጥታለች... የለመደች ናት።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ትሕትና አላት። የዓይን ግፊት ነው አለች። ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ አሁን መሀሉን ሊነካ ነው።

"የጠፋው አይመለስም፣ አባቴ። የቀረውን ግን በኦፕራሲዮን ማቆየት ይቻላል።"

መቼ? የኦፕራሲዮኑ መሣሪያ ከቆመ ቆይቷል። መለዋወጫው በጀት ይጠብቃል። ከተሠራም በኋላ ወረፋ አለ። ወደ በሩ አየችና ድምጿን ቀነስ አደረገች፤ "የግል ብትሞክሩስ? ብዙ ጊዜ የላቸውም።"

አባባ ኮፍያውን አደረገ። "ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ዕድሜውን ሙሉ ግብር ሰብሳቢ ነበር። ሌላ ምን ሊል ነው?

ጥቅምት 8

ዳቦ ለመግዛት አብሬው ወጣሁ። ብቻውን ልተወው አልቻልኩም። አልወደደውም።

ዳቦ ሻጯ ከሩቅ አየችው። "ጋሽ ደረሰኝ መጡ! ማሽኑን አሙቁት!" ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው። ስሙን የሚያውቅ አለ?

"ለሁለት ዳቦ እኮ ነው ጋሼ። ወረቀቱ ከዳቦው ሊወደድ ነው።"

"ቁረጪ። ስትቆርጪ ነው መንገዱ የሚሠራው።"

"የትኛው መንገድ?" አለችና ሳቀች። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ሁለት ቦታ አጠፈው፣ ደረት ኪሱ ከተተው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ያለ ደረሰኝ የገዛው ነገር የለም። ክብሪት እንኳ።

ጥቅምት 11

ታናሽ ወንድሜ ለምሳ መጣ። ምነው ሬዲዮኑን ቀድሜ ባጠፋሁት! ስለ ጤና ግብሩ ያወራል። ነጋዴው ተጨማሪ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ለሆስፒታል ብቻ ይውላል፣ ሁሉም በነፃ ይታከማል። ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጥበታል። ወንድሜ የወለል ሴራሚክ ይሸጣል። አዋጁን በሚቃወመው የነጋዴዎች ኮሚቴ ውስጥም አለበት።

"አባባ፣ እሱን ተወው። እኔ አሳክምሃለሁ። የግል ክሊኒኩን አነጋግሬያለሁ።"

"በምን ገንዘብ?"

"በገንዘቤ ነዋ!"

"ደረሰኝ በተቆረጠበት ነው ባልተቆረጠበት?"

ወንድሜ ሹካውን አስቀመጠ። "አየሽው እታለም? ጀመረ።"

"መሣሪያው ለምን የቆመ ይመስልሃል? አንተና ጓደኞችህ ግማሹን እየደበቃችሁ..."

"ብከፍልስ መሣሪያ ሊገዙበት ነው? ያንተን መሥሪያ ቤት አዳራሽ ባለፈው ሲያድሱ ሴራሚኩ ከየት የመጣ መሰለህ? ከኔ ሱቅ! ኮንትራክተሩ ያለ ደረሰኝ ጭኖ ሄደ። የግብር ቢሮ ወለል እኮ ነው፣ አባባ!"

አባባ ውሃውን በዳበሳ አንስቶ ጠጣ። አሸነፈው ብዬ ነበር።

"ታዲያ አንተ ለምን ሸጥክለት?"

ወንድሜ ሳይሰናበት ወጣ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሳህኑን አጠብኩ።

ጥቅምት 22

የሰፋሁትን የአራት ክፍል መጋረጃ አስረከብኩ። ወገቤ ተቆርጧል። ደንበኛዬ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ከፈለችኝ። ደረሰኝ አልጠየቀችም፣ የምሰጣትም የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።

ወንድሜ ደወለ። "እምቢ እንዳለ ነው?" እምቢ እንዳለ ነው።

ኅዳር 2

የመታጠቢያ ቤቱ በር ግንባሩን መታው። ቆስሏል። በሩን ማን ከፍቶ ተወው ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ነኝ አልኩ። እኔ አልነበርኩም።

ኅዳር 9

ዛሬ አፌን ከፈትኩ። መጋረጃ እየቀመቀምኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ወንድሜ ያጉረመርማል። ሌባ አለው። የገዛ ልጁን... የስፌት መኪናውን አቆምኩ።

"እኔንስ ለምን አትጠይቀኝም?"

"ምኑን?"

"ደረሰኙን። አንድም ቀን ቆርጬ አላውቅም። ከዚህ መኪና ነው የምትበላው። የቤት ኪራዩም ከዚሁ ነው። አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?"

ተኛ እንዴ ብዬ ዞርኩ። አልተኛም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጓል፣ ምን እንደሚታየው እንጃ።

"አንቺን ጠይቄ የት ልኖር ነው?" አለ።

እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መኪናውን መልሼ ረገጥኩ። ጠርዙ ጠመመብኝ። መፍታት ሊኖርብኝ ነው።

ኅዳር 15

አዋጁ ጸደቀ። አባባ ብቻውን አጨበጨበ፣ እጁ እጁን አንዴ ሳተው። ቀጥሎ ሬዲዮኑ ሥራ ላይ የሚውለው ከሚመጣው የበጀት ዓመት ጀምሮ ነው አለ። እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ወንድሜ ደወለ። ከነገ ጀምሮ ሱቆች ሁሉ ሊዘጉ ነው፣ ለተቃውሞ። "ደስ አለው?"

"አጨበጨበ።"

"እንግዲህ ይሂዳ! ነፃ ሕክምናውን ይጠብቅ!" ከዚያ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። "እታለም... ስንት ቀረው ዓይኑ?"

ምን ልበለው? በመለኪያ ይሰፈራል?

ኅዳር 19

ሳልጠብቅ እሺ አለ። ካልሲውን እያለበስኩት።

"የግሉ ጋ ውሰጂኝ። ግን ደረሰኙን በእጄ ትሰጪኛለሽ። ወንድምሽ ግብሩን ባይከፍል ክሊኒኩ ይክፈል።"

አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ። ቀላል ነው አልኩ።

ኅዳር 23

ክሊኒኩ። ወለሉ ያንጸባርቃል። የወንድሜ ሴራሚክ ይሆን? አባባን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ሄድኩ። ጎልማሳ ነው፣ መነጽሩ በገመድ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀና እንኳ ሳይል፣

"ከደረሰኝ ጋር ነው ያለ ደረሰኝ?"

ዋጋው ሁለት ነው። ወንድሜ በፖስታ የላከው ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ነው። የቱ እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። የኔን ጨመርኩበት፣ አልሞላም። ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ።

"ሱቁ እኮ ከተዘጋ ሳምንቱ ነው! ከየት ላምጣ?" አለ ወንድሜ። "ያለ ደረሰኝ ክፈዪና ጨርሺ። የሆነ ወረቀት ስጪው። እሱ እንደሆነ አያ..."

አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።

ከፈልኩ። ነርሷ ስሙን እየጠራች ነው። አባባ መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል። ቦርሳዬን በረበርኩ... ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍ። ወረቀት ተብሎ የተገኘው ሱቆቹ ከመዘጋታቸው በፊት ዳቦ የገዛሁበት ደረሰኝ ብቻ ነበር። እሱን ሰጠሁት።

በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ዳር ዳሩን። በየቀኑ የሚዳብሰውን ወረቀት... እንዴት አላሰብኩም?

"አጭር ናት" አለ።

"አዎ።"

ነርሷ ክንዱን ያዘች። ወረቀቷን ሁለት ቦታ አጠፋት፣ ደረት ኪሱ ከተታት፣ ገባ።

ኅዳር 24

ፋሻው ተነሳ። ግፊቱ ወርዷል። የቀረው ይቆያል ተብሏል። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ አልገባም። አባባ "ማነው?" አለ። "እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ። "እሺ" አለ አባባ። ይኸው ነው።

ስለ ደረሰኙ ቃል አልተነፈሰም። ልብሱን ሳጥብ ኪሱን ፈተሽኩ። ባዶ ነው።

ታኅሣሥ 3

ሱቆች ተከፍተዋል። ዳቦ ልንገዛ ወጣን። ወረፋው ላይ አንዱ ሹፌር "አሁን ዳቦም ይጨምራል፣ የጤና ግብር ብላችሁ!" ይላል። ከኋላው ያለችው ሴት "ልጅህ ሲታመም እናይሃለን" አለችው። ድሮ ቢሆን አባባ መሀላቸው ይገባ ነበር። ዛሬ የሚሰማም አይመስልም።

"ጋሽ ደረሰኝ! እንኳን ለዚህ አበቃዎት!" ዳቦ ሻጯ ማሽኑን ቀድማ ነካች። ወረቀቱ ወጣ። ዘረጋችለት።

"ይቅር" አለ።

"ምን?"

"አያስፈልግም።"

ሳቀች። ሌላ የሳቀ የለም። "ምነው ጋሼ፣ ዓይንዎን ታክመው ጭንቅላትዎን ነው እንዴ የቀየሩት?"

አባባ ዞረ። ግድግዳውን በእጁ እየተከተለ ወጣ። መውጫው ላይ ያለችውን ደረጃ ራሱ አገኛት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን እንደዘረጋች እኔን ታየኛለች። "በይ አንቺ ተቀበይለታ!"

ዳቦው ባንኮኒው ላይ ነው። ሒሳቡን ከፍዬ መልሱን አልተቀበልኩም። ለወረቀቱ እጄን ማንሳት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አላነሳሁም።

ወጣሁ።