በምዘናው ቀን ያልተገኘችው ሁለተኛ ልጅ

ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለ«ለጋ እጆች» የሕፃናት እንክብካቤ ጥራት ማኅበር
የቤት ለቤት ምዘና ክፍል
ቡር ዱባይ

ጉዳዩ፦ ምስጋናንና ቅናትን አንድ ላይ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የማኅበሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ የኮሮና ዘመን እናንተም፣ ቤተሰቦቻችሁም፣ በስክሪን በታያችሁ ቁጥር ከጀርባችሁ የምናያት ያቺ ለምለም የቢሮ ተክልም በሙሉ ጤንነት እንድትቆዩ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ መሕቡባ እባላለሁ፤ አል ባርሻ ከሚገኝ አንድ ቤት የሦስት ዓመቱን ዐብዱልአዚዝን፣ በቁልምጫ ስሙ ዐዙዝን፣ የማሳድግ የወሎ ሴት ነኝ። በአማርኛ የምጽፍላችሁ መመሪያችሁን ወደ አማርኛ አስተርጉማችሁ የላካችሁልን እናንተው ስለሆናችሁ፣ ለምክር የተገኘ አስተርጓሚ ለአቤቱታም አይጠፋም ብዬ ነው። በአደባባይ የምጽፍላችሁ ደግሞ በኢሜይል ለላክኋቸው ሦስት መልእክቶች ሦስት ጊዜ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እስክንመልስ ልጅዎን አቅፈው ይጠብቁን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስለላካችሁልኝ ነው። ምክሩ ግሩም ነበር፤ ልፈጽመው ግን አልቻልኩም።

ባለፈው መጋቢት መዋዕለ ሕፃናቱ ሁሉ ተዘግተው ልጆች ቤት ሲቀመጡ፣ ማኅበራችሁ ዝም ሳይል በየቤቱ በስልክና በቪዲዮ ገብቶ ስለሕፃናት አያያዝ ማስተማሩን ከልብ አደንቃለሁ። አድናቆቴን ከነዝርዝሩ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መመሪያው። ሕፃኑ ዓይኑ እየታየ እንዲነገረው፣ ሲያለቅስ ቁጣ ሳይሆን ምክንያት እንዲጠየቅ፣ ከመተኛቱ በፊት እንዲነበብለት፣ ሲወድቅ ቶሎ እንዲታቀፍ አዝዛችኋል። እኔ አገሬ ቢስቲማ ሳለሁ በመዋዕለ ሕፃናት ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ስለሠራሁ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም፤ እዚያ ግን ለአርባ ልጅ እናካፍለው የነበረውን ትዕግሥት እዚህ ለአንድ ልጅ አፈሰስኩት። ዐዙዝ ዛሬ ሦስት ቋንቋ ይሰማል፣ ሲጠማው «ውሃ» ይላል፣ እኔ ካላነበብኩለት በቀር የተረት መጽሐፉ አያልቅለትም። ባለሙያችሁም ይህን አይታ በቪዲዮ አጨብጭባልኛለች። ጭብጨባው መልካም ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መመሪያ በፈጸምኩ ቁጥር ይህ ለእሱ ሲደረግ ለልጄ ማን ያደርግላታል እያልኩ እቀና ነበር፣ አሁንም እቀናለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ ላይ መቅናት ነውር መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ በመመሪያው ስላላገኘሁ፣ ለሚቀጥለው እትም እንድታስቡበት በትሕትና እጠቁማለሁ።

2ኛ. ስለ ምዝገባው። ቅጻችሁ «የሚያሳድጓቸውን ልጆች ስም፣ ዕድሜና ጾታ ይዘርዝሩ» ስለሚል ሁለት ልጆች ዘረዘርኩ፤ ዐብዱልአዚዝ፣ ሦስት ዓመት፣ ወንድ፤ ኢስራ፣ አምስት ዓመት፣ ሴት። ኢስራ የወለድኳት ልጄ ናት፤ ትቻት ስመጣ አንድ ዓመት ተኩል ነበረች። ስህተቴን አሁን ተረድቼዋለሁ። ነገር ግን ሻርጃም ሆነ አጅማን ያለችን የአገሬን ሴት ምን ትሠሪያለሽ ብትሏት «ልጅ አሳድጋለሁ» ነው የምትላችሁ፤ የምታሳድገውም የማዳምን ብቻ አይደለም፤ ካቀፈችው ዓመታት ያለፉትን የራሷንም በድምፅ መልእክት፣ በካርጎ በምትልከው ጫማና በዓርብ ስልክ እያሳደገች ነው። እናንተ ያንን ማሳደግ አትሉት እንደሆነ እኛ ከየት እናውቃለን?

ሐምሌ ላይ ምዘናው ደረሰ። ባለሙያችሁ በአሠሪዬ በማዳም ስልክ፣ በቪዲዮ ክፍል ለክፍል ከዞረች በኋላ ቅጹን ገልጣ ሁለተኛዋን ልጅ ልያት አለች። ማዳም ፊቷ ልውጥ አለ፤ ከውጭ የገባውን ሎሚ ሳይቀር በሳሙና የምታጥብ ሴት ናትና፣ እኔን አየችኝ፣ የክፍሌን በር አየችው፣ ከዚያ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባም ፈለገች። «መሕቡባ፣ ቤቴ ውስጥ ልጅ ደብቀሻል? ስንት ሰው ነክታለች?» አለችኝ። «ዋላሂ ማዳም፣ ልጄ ቢስቲማ ናት» አልኩ። ባለሙያችሁም ብዕሯን እንደያዘች ቢስቲማ የባርሻ የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይህንን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላልፍም። በመጨረሻ ከስልኬ ፎቶዋን አውጥቼ አሳየሁ፤ ባለሙያዋም ቆንጆ ልጅ ናት ብላ «ሁለተኛዋ ልጅ በቤቱ ባለመገኘቷ ከመዝገብ ተሰርዛለች» ስትል ጻፈች። ኢስራ ምን እንደምትበላ፣ ማን እንደሚያነብላት፣ ስታለቅስ ማን እንደሚጠይቃት አንድም ጥያቄ ባለመጨመራችሁ ጊዜያችሁን ቆጥባችኋል፤ እኔም ከመልስ ድካም ድኛለሁ።

3ኛ. ስለ ምስክር ወረቀቱ። ቤታችን «የላቀ እንክብካቤ» ተብሎ ተሸለመ። ወረቀቱ ሳሎን ተሰቅሏል፤ በድረ ገጻችሁ በወጣው ፎቶ ላይም ማዳምና ዐዙዝ ሲስቁ ይታያሉ፤ ከዳር የምትታየው የወተት ኩባያ የያዘች እጅ የኔ ናት። በዚህ ብዙ አልቀናሁም፤ እጄ በደንብ ወጥታለች።

የቀናሁት ከወረቀቱ ጋር በመጣው ምክረ ሐሳብ፣ ተራ ቁጥር አራት ላይ ነው። «ከስድስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከለመደው ተንከባካቢ ቢለይ ዘላቂ የስሜት ጉዳት ሊደርስበት ስለሚችል፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ተንከባካቢዋ ከቤቱ ባትርቅ ይመረጣል» ይላል። በውሌ መሠረት በየሁለት ዓመቱ የሁለት ወር ዕረፍት ነበረኝ። የመጀመሪያው ማዳም ሥራ ስትቀይር ተላለፈ። ሁለተኛው ለዚህ መስከረም ተቆርጦ፣ በረራው ተከፍቶ፣ ማዳምም እሺ ብላ፣ እኔም የኢስራን እግር ከፎቶ ገምቼ ጫማ ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር። ወረቀታችሁ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወረቀቱን ይዛ መጥታ እያለቀሰች «መሕቡባ፣ እኔ ሙሽኪላ የለኝም፤ ኤክስፐርቶቹ ናቸው ያሉት። ኸላስ፣ በቃ፣ ከኮሮና በኋላ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ሻንጣው እስካሁን አልተፈታም፤ ጫማው ግን የጠበባት ይመስለኛል።

ሳይንሳችሁን አልጠራጠርም። እንዲያውም ያን አንቀጽ ከእናንተ ይልቅ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይመስለኛል። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ ጥናቱ የተካሄደው ባርሻ ባሉ ልጆች ላይ ብቻ ነው ወይስ ቢስቲማም ይሠራል? ከስድስት ዓመት በታች የምትሉት ዕድሜ የኢስራን አምስት ዓመት የሚጨምር ከሆነ በቁጥር አራት ስህተት ገብቷል ማለት ነው።

4ኛ. ይህ እናንተን በቀጥታ አይመለከትም፤ ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ኢስራን የምታሳድግልኝ የባለቤቴ የሙሄ እኅት ሐጂራ ናት። ሙሄ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሐጂራ የራሷ ልጅ የላትም፤ ስለ እንክብካቤ ጥራትም የሰማችው ነገር የለም። ግን የኢስራን ፀጉር አሳምራ ትሠራታለች፣ ፊደል አስቆጥራታለች፣ ከድምፅ መልእክቷ ጀርባ ልጄ ስትስቅ ይሰማል። ያንን ሳቅ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ በምን እንዳሳቀቻት አስቤ እናደዳለሁ። ልጄን ስለያዘችልኝ ሐጂራን በየሶላቴ አመሰግናታለሁ፤ ልጄ ስለወደደቻት ግን ይቅር ልላት አልቻልኩም። ዐዙዝ ሲወድቅ እናቱን አልፎ ወደኔ ይሮጣል፤ ያኔ ማዳም የምታየኝበትን ዓይን አውቀዋለሁ፤ እኔም ሐጂራን የምሰማት በዚያው ዓይነት ጆሮ ነው። ሦስት ሴቶች በሁለት ልጆች እንቃጠላለን፤ የላቀ የተባለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ገጽ ነው። መሕቡባ ሁለት ወር አገሯ ብትቆይ፣ በየቀኑ በቪዲዮ ብታነብለት፣ ዐዙዝ እንደማይጎዳ፣ ምክንያቱም እናት ያለው ልጅ እንደሆነ ጽፋችሁ ቁጥር አራትን አሻሽሉልኝ። ውሌ የሚታደሰው ኅዳር 15 ስለሆነ ከዚያ በፊት ቢደርስ፤ ከፈረምኩ በኋላ ሁለት ዓመት ነው፣ ያኔ ኢስራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከስድስት በላይ ስለምትሆን በሳይንሳችሁም አትጎዳም።

ለምታደርጉልኝም ለማታደርጉልኝም አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ የማኅበራችሁ ዓላማ እስከ ባርሻ ድንበር ድረስ እንዲለመልም በመመኘት፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የእጇ ፎቶ በድረ ገጻችሁ የሚገኝ፣
መሕቡባ
አል ባርሻ፣ ዱባይ

ግልባጭ፦
— ለማዳም፣ አማርኛ የሚያነብላት ሲገኝ
— ለጓደኛዬ ለሪሃና፣ አጅማን አል ራሺዲያ፣ በፌስቡክ እንድትለጥፍልኝ
— ለሐጂራ፣ 4ኛው ተቆርጦ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ለሪሃና ከመላኬ በፊት ወደ ቢስቲማ ደወልኩ። ሐጂራ ደጅ ልብስ ታሰጣ ስለነበር፣ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣችው ኢስራ ራሷ ናት። ሰላምታዬን በሥርዓት ተቀብላ «ማን ልበል?» አለችኝ። መሕቡባ ነኝ አልኳት። «እሺ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፣ እናቴን ልጥራልዎት» ብላኝ ሮጠች። ልጄን በአምስት ዓመቷ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ላስተማረች ሴት የዘንድሮው ሽልማት ይገባታልና ሐጂራን በክብር እጠቁማለሁ፤ ስሟ ሥር ግን ተንከባካቢ ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ልጅቷ ትከፋለች።