ነጠላው ሳይገለጥ የተጻፈ ወባ

ለክቡር አቶ አምሐ ተክለማርያም
የሰፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ
ኮልፌ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1965 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማዕረግዎ ከፍ ብሎ እንዲሰነብት፣ ትኩሳትም ሆነ ራስ ምታት ወደ ደጅዎ እንዳይቀርብ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢቀርብ በክሊኒክዎ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁና።

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ መስከረም 29 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ላሞቻቸውን እያለቡ ለሰፈሩ ወተት የሚያቀርቡት እትዬ አበበች፣ ሦስት ቀን በትኩሳት ሲነዱ ከርመው በልጃቸው በገመቹ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ ማዳመጫውን በነጠላቸው ላይ አሳረፉና «ወባ» ብለው ጽፈው ካርዱን ወደ እኔ፣ ወደ ነርስዎ ገፉት። ጨዋነትዎን አደንቃለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ከነጠላው ጫፍ እንኳ አንዲት ክር ከቦታዋ አልተነሣችም።

እኔ ግን ጨዋነት ስለሚጎድለኝ እትዬ አበበችን ከመጋረጃው ጀርባ ወስጄ ሌላ የሚያማቸው ቦታ እንዳለ ጠየቅኋቸው። «ወንድ ፊት ጭኔን አልገልጥም ብዬ እንጂ አንድ ቁስል ነገርስ አለብኝ» አሉኝ። በጭናቸው የውስጥ በኩል ምስር የምታህል ጥቁር ቅርፊት ነበረች፤ ዙሪያዋ ቀልቷል፣ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ወጥቷል፣ ሆዳቸው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሏል። ከሳምንት በፊት ከዚያው ቦታ መዥገር ነቅለው በጥፍራቸው መጨፍለቃቸውንም ነገሩኝ። እኔም ከእርስዎ ጽሑፍ ሥር «በመዥገር የሚተላለፍ ተስቦ ይመስላል፤ ሐኪም ይያቸው» ብዬ ጻፍሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ በግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ «ጻፊው፣ ሌላዋ ሴት አፍራ እንዳትሞት» ብለውኛል።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በጥቅምት ውርጭ ሰው ሁለት ጋቢ በሚደርብበት በኮልፌ የወባ ትንኝ በማግኘትዎ እንኳን ደስ ያለዎ። እትዬ አበበች ዓመቱን ሙሉ ከአየር ጤና አልፈው እንደማያውቁ ስነግርዎ አልተከራከሩኝም፤ በማግስቱ ግን ካርዱ ላይ፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ፣ «ወደ አዋሽ በረሃ ወርዳ የተመለሰች» የሚል ተጨምሮ አገኘሁ። ይህንኑ ሳነብላቸው እትዬ አበበች፣ «እሰይ፣ አገር አሳዩኝ፤ ላሞቼን ማን አልቦልኝ ኖሯል?» አሉ። መልሱን ከእርስዎ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፤ በሽተኛዋ የወባ ክኒን ለአራት ቀን ሲውጡና ትኩሳታቸው ሲብስ እርስዎ አንድም ቀን አልተረበሹም። እኔ ግን ትዕግሥት አጥቼ ዘነበወርቅ አካባቢ ወደሚኖሩ አንድ ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ የመዥገሩን ነገር ስነግራቸው ካርዱን ከመጠየቃቸው በፊት ቁስሉን አሳዪኝ አሉ፣ በሽተኛዋም እጄን ይዘው ገለጡ፤ ሐኪሙ ቴትራሳይክሊን የሚባል መድኃኒት አዘዙ፣ እትዬ አበበችም በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ቁጭ አሉ። ለእኔም «ያለ ፈቃድ በሽተኛ ስለ ማንቀሳቀስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከቢሮዎ ደረሰኝ።

ሦስተኛ፣ ግድግዳችንን ስላስዋቡልን። በተራ መጠበቂያው ክፍል በእጄ ጽፌና ሥዬ የለጠፍሁት ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ መዥገርን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ላምባ አያፍሱበት፣ በክብሪት አይለብልቡት፣ በጥፍር አይጨፍልቁት፤ ቦታውን በሳሙና ይታጠቡ። ከግጦሽ ሲመለሱ ብብትን፣ ብሽሽትንና ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ይፈትሹ፤ ከብቱንም በወቅቱ በመድኃኒት ይጠቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ቢይዝዎ የመዥገሩን ነገር ለሐኪም ሳያፍሩ ይንገሩ። እርስዎ ግን እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ «ያስጸይፋል» ብለው ቀደዱት፤ በቦታው ከእንግዶቹ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እንግዶቹ በዚያው ቀን ሄዱ፤ መዥገሩ ግን እስካሁን ከእኛው ጋር አለ።

ትናንት ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጠውልኛል፤ ካርዱ ላይ የጻፍሁት በስሕተት መሆኑን አምኜ፣ ይቅርታ ጠይቄ እስከ ቅዳሜ እንድፈርም፣ ካልሆነ ግን ሥራዬን እንድለቅ የሚያዝዝ። «የትናንት ልጅ ታርመኝ?» ማለትዎንም ሰምቻለሁ፤ ዕድሜዬን በትክክል በመገመትዎ ከካርዱ የተሻለ ሠርተዋል። አባቴ አቶ ይመር እንኳ «ፈርሚና ደመወዝሽን ብዪ፣ ብዕር አይነክስም» ብለው መክረውኛል። እኔ ግን ከፈረምሁ ነገ ከቀሚሷ ሥር ጥቁር ቅርፊት ይዛ የምትመጣው ሴት የወባ ክኒን ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ እርሷን ዘነበወርቅ ድረስ የሚወስዳት ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ አልፈርምም። ሳይታይ የተጻፈ በሽታ ከእንግዲህ በእጄ አይገለበጥም፤ ከበረቷ ያልራቀችን ሴት በረሃ ያወረደ ካርድ በእጄ አይታተምም። ወንበሬን ሊወስዱ ይችላሉ፤ በዓይኔ ያየሁትን አላየሁም እንድል መታዘዝን ግን ካሁን በኋላ አልቀበልም።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ነርስዎ፣ ከቅዳሜም በኋላ አክባሪዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፤
ዘመነች ይመር

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ በደጅዎ ሳልፍ የውሻዎ ጆሮ በመዥገር ተሞልቶ አየሁ፤ እርስዎም እያሻሹት ነበር። ትኩሳት ቢይዝዎ ወደራስዎ ክሊኒክ አይሂዱ፤ ሱሪዎን አስወልቆ ወደሚያይዎ ሰው ይሂዱ።