ገና ሲላላ፣ ገና ሲጠብቅ

ውድ ቶኩማ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው። በስድብ ልጀምር ብዬም ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ፊደሉን ሳርም ንዴቴ እየበረደ አስቸገረኝ።

ትናንት «መቼ ነው የምትታረቂኝ?» ብለህ ጽፈህልኛል። እመልስልሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን እኔ እንደኖርኩት ስማኝ።

«አንባቢ»ን ስንጀምር አራት ነበርን፤ አንተና እኔ እዚህ አዳማ፣ ምንተስኖት ቢሾፍቱ፣ ጋሽ መርዳሳ ሻሸመኔ። ለዓይነ ስውራን የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ማንም በነጻ የሚወስደው፣ የቻለ ሁሉ ገብቶ የሚያርመው። አንተና ምንተስኖት ኮዱን ጻፋችሁ፤ ዓይናቸው የማያየው ጋሽ መርዳሳ እየሰሙ ስህተቱን ለቀሙ፤ እኔ ድምፄን ሰጠሁ። ሁለት ክረምት የባጃጅ ጥሩምባ እንዳይገባ በእህቴ በዘርፉ ቁም ሳጥን ውስጥ በልብስ መሀል ተቀምጬ አራት ሺህ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። አንተ ከውጭ «ቲቲ፣ ደግመሽ!» ትለኛለህ። ላብ አጥምቆኝ ስወጣ «ይቺ ድምፅ ሻሸመኔ ድረስ ትሰማለች» ያልከኝን አልረሳሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ደንባችን አንድ ነበር፤ ሲደርስ ይወጣል። የመጀመሪያው ቅጂ ሰኔ ላይ ወጣ። ሁለተኛው በሦስት ሳምንቱ ተከተለ። ሦስተኛው ግን ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። አንተ ሥራ ፍለጋ ትንከራተታለህ፣ ምንተስኖት ልጅ ወልዷል፣ እኔ የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኛል። በፈቃዱ በሚሠራ ሰው ላይ ቀን አይቆረጥበትም። ይህን ደንብ እወደው ነበር፤ መተማመናችን ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው መስከረም የጋሽ መርዳሳ ኮምፒውተር ራሱን ሲያድስ ሦስተኛው «አንባቢ» አብሮት መሥራት አቆመና ድምፁ ጠፋ። ሰውየው ለልጅ ልጆቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፉ እንደነበር ታውቃለህ። መጻፉን ጣቶቻቸው ያውቁበታል፤ የጻፉትን የሚያነብላቸው ግን ያ ፕሮግራም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉና በኦሮምኛ «ልጄ» እያሉ ደህንነቴን ይጠይቁኛል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ደረሰ?»

«አልደረሰም፣ ጋሼ።»

«ይሁን። የት ላይ እንዳቆምኩ ጠፍቶኝ ነው እንጂ።»

ኅዳር ላይ «አራተኛው መቼ ይወጣል?» ብዬ ጻፍኩልህ። መልስህ አንድ ቃል ነበር፦ «ገና።»

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ለፕሮግራማችንም ትልቁ ችግሩ ይኸው ነበር። እኔው ራሴ ተሳሳትኩ። አጥብቄ አነበብኩት፤ በዓሉን ያልከኝ መሰለኝ። ለጋሽ መርዳሳ ደውዬ «ለገና ይደርሳል» አልኳቸው። አዲስ ድምፅ ማጉያ ገዙ። የገና ዕለት የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ስደውልልህ ሳቅህን ለቀቅኸው።

«ቲቲ፣ አላልተሽ አንብቢው እንጂ! አልደረሰም ማለቴ ነው!»

እኔም ሳቅሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ልጆቹ እስከ ምሳ ጠብቀው ወደ ጨዋታቸው ሄዱ አሉኝ።

የካቲት ላይ ዘርፉ ዱከም ጉዳይ ነበራትና አብሬያት ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት አዳራሽ ውስጥ ቁጥር ይዘን ተቀምጠናል። «ቁጥር ስልሳ ሰባት፣ መስኮት አራት» የሚል ድምፅ ከጣሪያው መጣ። ዘርፉ ዞራ አፌን አየችው። አፌ ዝግ ነው።

«አንቺ! አንቺ ነሽ እኮ!» አለችኝ።

ድምፅዋ ቀጠለች፤ «እባክዎ ይጠብቁ።» «ብ»ን አጥብቃ፣ ጥርት አድርጋ። ሦስተኛው እኮ አላልቶ ነበር የሚያነበው፤ ደንበኛው የሚጠብቅ ብሎን ይመስል! ስንት ቀን ስቀንበታል። ያንን ስህተት ያረምከው አራተኛው ላይ ነው። ያ «ያልደረሰው» ላይ።

ጥበቃውን «ይቺ ሴትዮ ከመቼ ጀምራ ነው የምትጣራው?» አልኩት።

«ሴትዮ አይደለችም፣ ማሽን ናት» አለኝ። «ከጥቅምት ጀምሮ አለች። ጎበዝ ናት፤ ሻይ እንኳ አትወጣም።»

ከጥቅምት ጀምሮ። እንግዲህ ኅዳር ላይ «ገና» ስትለኝ፣ አጥብቄ ባነበውም አላልቼ ባነበውም ውሸት ነበር።

አዳማ ተመልሼ ጁስ ቤት ውስጥ ስጠይቅህ «ነጻ ነው ብለን የለ? ማንም ቢጠቀምበት ፈቃዱ ይፈቅዳል» አልከኝ። እውነትህን ነው። «ታዲያ ጋሼን ለምን ከለከልካቸው?» ስልህ ጁስህን በማንኪያ አማሰልክ።

«ለጊዜው እነሱ ጋ ብቻ እንዲሆን ፈልገው ነው። ሥራ ቀጥረውኛል፣ ቲቲ። ደግሞ ቀን ቆርጠን አናውቅ፤ ቢዘገይ ማን ያውቃል ብዬ ነው።»

ማን ያውቃል! ቶኩማ፣ ድምፄን ለማንም ብትሰጠው አይከፋኝም ነበር፤ ለዚያ ነው የሰጠሁህ። ሥራ በማግኘትህም ደስ ባለኝ። ያቃጠለኝ ያ የምወደውን ደንብ መደበቂያ ማድረግህ ነው። አንተ ዝም ብለህ፣ ለእኚያ ሽማግሌ በየሳምንቱ የምዋሸው እኔ ሆንኩ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለውን ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ፤ ለካ ምን ያህል እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ለምንተስኖት ነገርኩት። «ቀን እንቁረጥ» አለ፤ «መጋቢት ዘጠኝ፣ ስምንት ሰዓት።» ያረምከው አራተኛው አንተ ጋ ቀርቷል፤ የገጻችን የይለፍ ቃልም አንተ ጋ ነው። ስለዚህ የቆየውን ኮድ ይዞ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲናገር አደረገው፣ ስሙን ቀየርንና በቀኑ፣ በሰዓቱ አወጣነው። እንደ ድሮው ደንባችን ከሆነ አልደረሰም። መጥበቅና መላላት አሁንም አይለይም።

በማግስቱ ጋሽ መርዳሳ ደወሉ። «ዓይኔ ጠፋ እንጂ ገና አልሞትኩም» ብለው የጻፉትን ያቺ ድምፄ «ገና»ን አጥብቃ አነበበችላቸው።

«በገና በዓል አልሞትኩም አለችልኝ እኮ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ፣ «ኢንተላ ኮ፣ የት ላይ እንዳቆምኩ አገኘሁት» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። መቼ ነው የምታረቅህ?

ገና።

ላልቶ ይነበብ ጠብቆ አልነግርህም። እኔ ጠብቄ ነው ያወቅሁት፤ አንተም ጠብቀህ እወቀው።

ድምፅዋን የምታውቃት
ትህትና
አዳማ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.