ለአንድ ዜሮ ሲባል

ከውጭ አገር የሚገቡ የመተንፈሻ በሽታዎችን ለሚከታተለው ብሔራዊ ቅኝት፣ የአውራጃችን ኃላፊ ለሆኑት ለክቡርነትዎ፤
ሙልታን።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ ትንፋሽዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ ይሁን። እኛ ጎረቤታሞቹ ግን፣ ምን ልዋሽዎት፣ ደህና አይደለንም።

በጋዜጣ እንዳነበብነው፣ ዘንድሮ ከሐጅ ከተመለሱት የአውራጃችን ሰዎች መካከል ከግመል ወደ ሰው በሚተላለፈው የመተንፈሻ በሽታ የተጠረጠሩት ቁጥር ዜሮ ነው። እንኳን ደስ አለዎ። ዜሮው እንዴት እንደተገኘ በዓይኔ ስላየሁ፣ አንባቢዎቼ ድካምዎን እንዲያውቁልዎ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አንደኛ፤ ጎረቤቴ ሐጂ ካራም ኢላሂ ከመካ ሲመለሱ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ይዘው ነበር። እዚያ ሳሉ ከግመል እረኞች ዘንድ ገና የታለበ ወተት መጠጣታቸውንም ለሰፈሩ ሁሉ በኩራት አውርተዋል። ምራታቸው ሳዲቃ መድኃኒት ቤት የሠራች ናትና ነገሩ አላማራትም፤ ለቢሮዎ ደወለች። ምስጋና ይግባዎ፣ ተቆጣጣሪዎ በአራተኛው ቀን የናሙና ሳጥኑን አንጠልጥሎ ከተፍ አለ።

ሁለተኛ፤ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ከሐጅ የተመለሰን ሰው ሳያቅፍና ዱዓ ሳይቀበል የሚሄድ የለም። ተቆጣጣሪዎም ሳጥኑን በር ላይ አስቀምጦ፣ የአፍ መሸፈኛውን አገጩ ሥር አውርዶ፣ ሐጂን ሦስት ጊዜ አቀፋቸው።

«ሐጂ ሳሂብ፣ ለእኔም ዱዓ ያድርጉልኝ፤ እድገቴን ሁለት ዓመት ይዘውብኛል» አላቸው። ሐጂም እየሳሉ አደረጉለት። ከዚያም ሰፈሩ ሁሉ በተቀባበለው ኩባያ ሐጂ ከመካ ያመጡትን የዘምዘም ውኃ ጠጣ።

ሳዲቃ «ወንድሜ፣ ናሙናውስ?» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ አታፍሪም እንዴ እህቴ? ከዚያ ከተባረከ አገር በሽታ መጣ ብዬ በዚህ እጄ ልጻፍ?» አላትና ቅጹ ላይ «የአየር ለውጥ ጉንፋን» ብሎ ጻፈ። አማቷ ሐጂም «ተይ ልጄ፣ እንግዳ አታስቀይሚ» ብለው ተቆጧት። ሳጥኑ እንደታሸገ ተመለሰ። መክፈቻው የጠፋበት እንዳይመስልዎ፤ ንጽሕናውን መጠበቁ ነው።

ሦስተኛ፤ ሐጂ ካራም፣ አላህ ይመስገን፣ ድነው ሱቃቸውን ከፍተዋል። ያስታመመቻቸው ሳዲቃ ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታ በመሣሪያ መተንፈስ ከጀመረች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። እዚያው ክፍል ሌሎች ስምንት ሕሙማን ተኝተዋል። ወጣቱ ሐኪሟ ዶክተር ሻህሩክ ምን እንደያዛት ለማወቅ፣ ናሙናዋ ወደ ዋና ከተማው ላቦራቶሪ እንዲላክ ፊርማዎን ቢጠይቅ፣ ጸሐፊዎ «ከየት አገር ነው የገባችው?» አለው።

«ከወጥ ቤት» አለ ዶክተሩ።

«እንግዲያው እኛን አይመለከትም።»

«አማቷ ከመካ ተመልሰው ነው እኮ የታመሙት!»

«እሳቸውማ ጉንፋን ነው የያዛቸው፤ ተጽፏል። የተዘጋ መዝገብ እንድንከፍት ነው የሚፈልጉት ዶክተር ሳሂብ?»

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ምሬት ሞላው። ሰው በስንፍናው ያፍራል፤ እናንተ ግን ስንፍናችሁን የሃይማኖት ካባ ደርባችሁለት አደባባይ አወጣችሁት። ነቢዩ ወረርሽኝ ካለበት አገር አትውጡ፣ ወደዚያም አትግቡ ማለታቸውን በሰፈራችን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። የተባረከውን አገር ያዋረደው የሳዲቃ ጥያቄ ሳይሆን፣ በስሙ የተጻፈው ውሸት ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሰጡን ዜሮም ከነቤተሰቤ እጅ እየነሣሁ፣ በታላቅ ትሕትና የምሰናበትዎ፣ የሰው ጓዳ የሚያገባት የሳምንታዊው መጽሔት አምደኛ፣
ፋርኩንዳ ናሂድ።

ማስታወሻ፤ ለፊርማው አይቸኩሉ። ዶክተር ሻህሩክ ዛሬ ጠዋት የዕረፍት ፈቃድ ወስዶ፣ የሳዲቃን ናሙና በደንቡ አሽጎ፣ በገዛ መኪናው ወደ ላቦራቶሪው ተነሥቷል፤ ያለ ማኅተምዎ የሚቀበለው ሰውም አግኝቷል። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። ከበሽታው ንጹሕ ከሆነች የከተማችንን ጣፋጭ፣ አንድ ኪሎ ሶሃን ሐልዋ ይዤ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ካልሆነ ግን ውጤቱን ከነስምዎ የማትመው እኔ ነኝ። እስከዚያ ዜሮዎን ያጣጥሙት።