ሙሴ ሽልማት ሊቀበል ሄደ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ ለእትዬ ካሰች፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጆቹስ፣ እኛ አዋሳ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ወንድማችን ሙሴ በዚያች በትንሿ ካሜራው ያነሳትን ፊልም ለወጣቶች ውድድር አስገባ፣ ሐይቁን ብቻ አንሳ ስለው «ሐይቁንማ ሁሉም ያየዋል» ብሎኝ መናኸሪያ ላይ የሰፈሩ ልጆች ለውትድርና ሲጫኑ አነሳ፣ ፊልሟን አዳራሽ ሲያሳዩ እናቶች ልጆቻቸውን አይተው እሪ አሉ። በነጋታው ሁለት ሰዎች መጡና «አንደኛ ወጥተሃል፣ ና ሽልማትህን ውሰድ» አሉት፣ ደስ ብሎት «ታቢታ፣ ሸሚዜን ተኩሺልኝ» አለኝ፣ ተኮስኩለት፣ በር ላይ አንደኛው ዞር ብሎ «ብርድ ልብስም ስጪው» አለኝ፣ ሰጠሁት። እስካሁን አልመጣም፣ ሽልማቱ ብዙ ይሆናል። ደክሞኛል እትዬ። እማዬን አንቺ ጋ ሄዷል ብያታለሁ፣ ስትጽፊ ከልጆቹ ሰላምታ ጋር የሱንም ጨምሪበት፣ እኔ ነኝ የማነብላት። በጸሎት አስቢን፣ እህትሽ ታቢታ።