ለተሸለመችው ቃሬዛችን የተጻፈ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የልማት አፈጻጸም ኃላፊያችን፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትከሻዎ ደኅና ነው? አላህ ይጠብቅልዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር እንደተዉን አለን።

እኔ ከተሜው እድር የሚለው የመንደራችን ቅሬ ዳኛ ዑበይዱላህ ኸሚስ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው አምስት ደብዳቤዎች ደክሟቸው መሰል አልደረሱም፤ መንገድ የለማ!

፩. ለቃሬዛችን ስለተሰጠው የሽልማት ምስክር ወረቀት እጅ እንነሳለን። እኛ መንገድ ስንለምን፣ እርስዎ ቅሬያችን በሽተኛ የሚያወርድባትን ቃሬዛ በታላቅ አስተዋይነት አይተው «ማኅበረሰብ አቀፍ አምቡላንስ» ብለው በሪፖርትዎ ሰየሟት፤ ይህች አምቡላንስ ደግሞ መንገድ ስለማትፈልግ መንገዳችንን ከዕቅድ ሰረዙት። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና ጥቂት ጠፍር ለዚህ ማዕረግ ሲበቁ፣ ያረቢ፣ ስንት ዘመን ሳናከብራቸው ኖረናል!

፪. ለፎቶው ሲሉ ቃሬዛዋ ላይ ተጋድመው ሃያ እርምጃ ያህል ስላሸከሙንም እናመሰግናለን። ምቾቷን ማድነቅዎን ሰምተናል። ከእርስዎ በፊት የተኛችባት የጎረቤቴ የየሻው ሚስት ረቢያ ነበረች፤ ምጥ ጠንቶባት የአራት ሰዓት መንገድ ይዘናት ወረድን። ከፊት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ ከኋላ እኔ «ያ አላህ» እላለሁ። ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። እዚያው ድንጋይ ላይ ተገላገለች፤ ሕፃኑ ግን አላለቀሰም። የሻው ልጁን በጋቢው ጠቅልሎ ሽቅብ ተመለሰ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው፣ ክቡርነትዎ፤ እንጨቱ የእኛ፣ ፎቶው የእርስዎ።

፫. ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ልጄ ሳጂዳ ወሯ ገብቷል። ክረምቱም ከብዷል፤ ወንዙ ሪፖርትዎን ስላላነበበ እንደ ልማዱ ይሞላል። እርስዎን አልፈራም፤ ወንዙን ግን እፈራለሁ። መንገዱን በአንድ ሳምንት አይሠሩትም፤ መንገዱ ቢቀር እንኳ፣ በወንዙ ላይ የእግር መሻገሪያ ግንድ ቢያስጋድሙልን ልጄ ትተርፍ ይሆናል። ይህንንም «ማኅበረሰብ አቀፍ ድልድይ» ብለው ይሸለሙበት፤ ፎቶ ለመነሳት እኛው እንሸከምዎታለን።

ትከሻችን ተልጦም ቢሆን ጎንበስ ብለን እጅ የምንነሳ፣ የተሸላሚዋ ቃሬዛ ተሸካሚዎች፤
ስለ ሁላችንም ዑበይዱላህ ኸሚስ

የተረሳ ነገር፦ ቃሬዛዋ በሪፖርትዎ የእርስዎ ሆናለችና፣ ቅሬው ዓርብ ተሰብስቦ ስምዎን ከተሸካሚዎች ተራ አስገብቷል። የደረሰዎት ተራ ሳጂዳን የመሸከም ነው። ደንባችን አጭር ነው፦ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው፣ የሞተ ዕለት ቅሬው አይወጣለትም። ያን ቀን እንግዲህ ሪፖርትዎ ይሸከምዎ።